እንቁላሉ ብርጭቆ ውስጥ

ጊትል እንቁላሉን ብርጭቆ ውስጥ ሰብራ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ስታደርገው፣ ምድጃው አጠገብ እንቁላሉ እስኪጠበስለት ዳቦ የሚበላው፣ ለጀርመኖች የሚሠራው ፖሊስ ማኘኩን አቆመ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አላት።

እጇ ምን እንዳደረገ ያወቀችው ያኔ ነው።

በዚህ መንደር ጊትል ብሎ የሚጠራት የለም። ስሟ ካዚያ ነው፤ ዋርሶ ያለው ቤታቸው በቦምብ የፈረሰ፣ አባቷን ጀርመኖች የማረኩባት ክርስቲያን ልጅ ናት። ይህን ውሸት ከእናቷ ጋር ጫካ ለጫካ ሲሸሹ ደጋግመው አጥንተውታል። ማማተብ ለመደች። ጸሎቱን እንደ ውሃ ጠጣችው። የአሳማ ሥጋ እንኳ ፊቷን ሳታጨማድድ መዋጥ ቻለች። የእንቁላሉን ነገር ግን ሁለቱም አላሰቡትም። እነሱ አይሁድ ናቸው፤ ደም አይበሉምና በቤታቸው እንቁላል መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ ይሰበራል፤ የደም ነጥብ ከታየበት ይደፋል፣ ከሌለበት ወደ መጥበሻው ይገባል። ይህን የተማረችው ገና በርጩማ ላይ ቆማ እናቷን በምታግዝበት ዕድሜ ስለነበር፣ እጇ ሳያስፈቅዳት ነው የሠራው።

«የተበላሸ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለች።

«እናቴ አይሁድ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር» አለ ፖሊሱ ረጋ ብሎ። «የቤቱ እመቤት እንዲህ ስታደርግ አይቻለሁ።»

ጊትል እትዬ ብሮኒያን አየቻት። እትዬ ብሮኒያ የቤቱ ባለቤት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ ገበሬ። እናትና ልጅን ያስጠጋቻቸው የካዚያን ታሪክ እውነት ብላ ተቀብላ ነው። አሁን ግን ቢላዋዋ ድንቹ ላይ ቆሟል። ገብቷታል። አይሁድ ለጠቆመ ጀርመኖቹ ስኳር እንደሚሰጡ፣ የደበቀን ደግሞ ደጁ ላይ እንደሚረሽኑ በመንደሩ የማያውቅ የለም።

«እኔ ነኝ እንዲህ አድርጊ ያልኳት» አለች እትዬ ብሮኒያ። ድንቹን መላጥ ቀጠለች። «ዶሮዎቼ በየጥሻው እየጣሉ አስቸገሩኝ። ባለፈው አንዱ እንቁላል ገምቶ ያን ሁሉ ስብ አበላሸብኝ። አንተ ትተካልኛለህ?»

ፖሊሱ አልሳቀም። ተነስቶ ብርጭቆውን ከጊትል እጅ ወሰደና አየው። አስኳሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።

«ይኸው ደም። ምን ልታደርጊው ነው?»

ጊትል ብርጭቆውን ተቀብላ መጥበሻው ላይ ገለበጠችው። እንቁላሉ ሲበስል ፖሊሱ ሹካውን ሰጣት። «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አላት። ጎረሰች፣ አኘከች፣ ዋጠች። እሱ የተረፈውን በዳቦ ጠርጎ በላና ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ።

በረቱ ከኩሽናው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ላም ስታልብ የነበረችው እናቷ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ ለመንገድ እንደሚነሳ ሰው ሻሿን አጥብቃ አስራ ገባች። ጊትልን ወደ በሩ ሳበቻት።

«ጫማሽን አጥልቂ» አለቻት በሹክሹክታ። «ብሮኒያ ማንነታችንን አውቃለች። ዛሬ ብትሸፍነን ነገ ትፈራለች።»

ጊትል ውጭውን አየች። በረዶው ሜዳውን ሞልቶታል፤ በሚረግጡበት ሁሉ ዱካቸው ይቀራል። እዚህ መቅረትም ያስፈራታል። የእትዬ ብሮኒያ ጀርባ ምንም አይነግራትም።

እትዬ ብሮኒያ ብርጭቆውን አጥባ፣ አድርቃ፣ የጊትል እጅ የማይደርስበት ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ የእንቁላሉን ቅርጫት ከመጥበሻው አጠገብ አስቀመጠች።

«እኛም ቁርስ አልበላንም» አለች ዞር ሳትል።

የጊትል እናት ክንዷን እንደያዘቻት ናት። ጊትል ቀስ ብላ ክንዷን አስለቀቀች። ወደ ምድጃው ሄዳ አንድ እንቁላል አነሳች፣ መጥበሻው ጠርዝ ላይ መታችው፣ ሳታይ ለቀቀችው። ቅርፊቱ ተሰባብሮ አብሮ ገባ። እትዬ ብሮኒያ በጣቷ ለቀም ለቀም አደረገችና፣ ቀጣዩን አቀበለቻት።

ከኋላዋ እናቷ ሻሿን ፈትታ ወደ ምድጃው ስትጠጋ ሰማች።