ቁጥሩ ሲበራ

ቁጥሩ በራ። አምስት ቀያይ አኃዞች ከአሮጌው ሬዲዮ ግንባር ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ፤ ልጅቷ ግን ለመደሰት እንኳ አቅም አልነበራትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች የብየዳ ካውያ ይዛ ሽቦ ስትበይድ ወገቧ ተቆርጧል፤ ጣቷም ሁለት ቦታ ተቃጥሏል።

«አቦ አሪፍ ነው! በቃ አለቀ» አለች ጓደኛዋ ቦርሳዋን እያነሳች።

የሳይንስ መምህሩ «አሮጌ ዕቃ አሻሽላችሁ አምጡ» ብለው ለሁለት ለሁለት የሰጧቸው ሥራ ነው፤ ከመቶው አርባውን ይይዛል፣ እንከን ከተገኘበት ግን ግማሹ ይቆረጣል። ልጅቷ ደግሞ ባለፈው ፈተና ወድቃለች። ይሄም ከተበላሸ ክፍል መድገሟ ነው።

ሬዲዮው የአሳዳጊ አክስቷ ነው። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌና ክር ዓይኗን ስለጨረሱት፣ ከመስታወቱ ኋላ የምትሄደውን ቀጭን የጣቢያ ጠቋሚ ማየት ካቃታት ቆየች። ስትሰፋ ውላ አንዲት የሩቅ ጣቢያ ትሰማለች፤ ዕረፍት የምትለው ይህንኑ ነው። ትልልቅ ቁጥር ቢገጠምላት ጣቢያዋን በዳበሳ ከመፈለግ ትገላገላለች፣ ሐሳቡ ይህ ነበር።

ልጅቷ መፈለጊያውን ወደዚያች ጣቢያ አዞረችው። ቁጥሩ ልክ ነው። የሚሰማው ግን «ዝዝዝዝ» ብቻ ነው። ቁጥር ማሳያው ራሱ የሚፈጥረው ጫጫታ ደካማውን ጣቢያ ውጦታል።

«ነገ የቅርቡን ጣቢያ እናሰማቸዋለን» አለች ጓደኛዋ። «እሱ ኃይለኛ ነው፣ ጫጫታውን ይሸፍነዋል። መምህሩ በምን ያውቃሉ?»

«አክስቴስ?»

«ትለምደዋለች። አትጨቅጭቂኝ፣ ደክሞኛል» ብላ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር የልጅቷም ልብ ያዘነበለው ወደዚያው ነበር። የፈለገችው መተኛት ብቻ ነው።

አክስቷ ጣቷ ላይ የተጠመጠመ ክር እየፈታች ገባች። ቁጥሩን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ራሷንም ነቀነቀች።

«ይሰማል፣ አክስቴ?»

«ጥርት ብሎ! ስለ ዝናብ እያወራ ነው። እኔን ይድከመኝ፣ በይ አሁን ጋደም በዪ።»

ልጅቷ ለአፍታ አመነቻት፤ የደከመው ሰው የሚመቸውን ያምናል። ከዚያ እጇን ሰደደችና የቁጥር ማሳያውን ሽቦ ነቀለች። ቁጥሩ ጠፋ፤ ጫጫታው ቆመ፤ የጣቢያው ጋዜጠኛ ድምፅ ከሩቅ ብቅ አለ። የሚያወራው ስለ እግር ኳስ ነበር።

ከዚያ አክስቷ በሳቅ ፈነዳች። «ታዲያ ምን ልበል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትለፊ እያየሁ!»

ልጅቷም ሳቀች፤ ግን አክስቷ አንጀቷን በላቻት፣ ዕንባዋም መጣ። የጥናት መብራቷን ነቅላ ማብሪያ ማጥፊያውን መፍታት ጀመረች። ማሳያው ላይ ከተገጠመ፣ አክስቷ ቁጥሩን አይታ ጣቢያዋን ከያዘች በኋላ ታጠፋዋለች። ስልኳን አንስታ ለጓደኛዋ ደወለች።

«ነገ የምናሰማው ሩቁን ጣቢያ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ በርቶ፣ ከዚያ ጠፍቶ።»

«አብደሻል? መምህሩ ጫጫታውን ሊሰሙት እኮ ነው!»

«ይስሙት» አለች፣ ካውያው እስኪግል እየጠበቀች።