ሳቢር የሚባል ልብስ ሰፊ

የጫቱ መኪና ሲገባ አይሻ ከተማ ታብዳለች።

ጥሩንባው ከሩቅ እንደተሰማ የተኛው ይነሳል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ ሻጩም ገዢውን ጥሎ ይሮጣል። ዕቃ ለማቀበል ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። ሁሉም ዓይኑን የጫት እስሩ ላይ ተክሎ ሲጋፋ፣ ማን ለማን ምን እንደሰጠ የሚያይ የለም።

ኢስተሂል በግፊያው መሀል መጣች። ሻይ ቤትና ጫት የሚቃምበት መርፈሽ ያላት ሴት ናት። በሻሽ የጠቀለለችውን ሬዲዮ የጠጋኙ ደረት ላይ ገፋችው።

«ጉሬይ፣ ይሄ ነገር ታንቋል። እየው።»

«ሬዲዮው ነው ቴፑ?»

«ቴፑ።»

የሚጠብቀው ካሴት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ቀና ሲል ነጭ ላንድክሩዘር አየ። ሁለት ሰዎች ተደግፈውት ቆመዋል። ጫት አልገዙም። አይሻ ውስጥ በዚህ ሰዓት ጫት የማይገዛ ወይ ታማሚ ነው፣ ወይ የመንግሥት ሰው።

ታማሚ አይመስሉም።

ሬዲዮውን አቅፎ ሳይቸኩል ወደ ሱቁ ሄደ።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ወርቅአገኘሁ ነው። አያቱ ከጦሩ ጋር ጅጅጋ ገብተው እዚያው የቀሩ ወታደር ነበሩ። የሚሰልልለት መሥሪያ ቤት በምስጢር ስም «ቆንጥር» ይለዋል። አይሻ የገባው ደግሞ «ሳቢር» የሚል መታወቂያና የስፌት መኪና ይዞ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ ብሎ ነው። የተላከው በዚህ በኩል የሚያልፈውን የጦር መሣሪያ ከላይ ሆኖ የሚያሳልፈው ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ እንዲያጣራ ነበር።

አይሻ ግን ለመታወቂያ ግድ የላትም። እዚህ አንካሳው አንካሳ፣ መላጣው መላጣ ተብሎ ይጠራል፤ የሚቀየምም የለም። እሱም በመጀመሪያው ቀን የሻይ ብርጭቆውን በግራ እጁ ሲቀበል፣ ሽማግሌው ዐቦኮር «ጉሬይ!» ብለው ጮሁ። ግራኝ ማለት ነው። ስሙ በዚያው ጸደቀ። ግራ እጁን በአለንጋ ስትገርፍ የኖረችው እናቱ፣ ልጇ በዚህ አገር ግራኝ ተብሎ መቅረቱን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ልብስ ሰፊነቱም አልበረከተም። የመጀመሪያ ሥራው የዐቦኮር ሱሪ ነበር፤ አንዱ እግሩ ከሌላው አጠረ። ከተማው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሬዲዮ መጠገን ግን ይችል ነበር። የለንደንን የሶማሊኛ ዜና ሳይሰማ መዋል በማይችል ከተማ ደግሞ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ሁሉም ነገር ይቅር ይባልለታል። የስፌት መኪናው አቧራ ለበሰ።

ይህን ለአለቃው ለመላኩ አልነገረውም። ሽፋኑን የለወጠ ሰላይ ከቦታው ይነሳል። እሱ ደግሞ መነሳት አልፈለገም። ይህችን ሙቀቷ የሚያነድ፣ አፏ የማያርፍ ከተማ ወዷት ነበር።

ድምፁን ቀንሶ ካሴቱን አስጀመረ። መጀመሪያ የመጣው መሣሪያ ነጋዴው ዐብዲሓኪም ነው፤ ኢስተሂል ዘንድ የሚቅም ደንበኛ። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ መጣ፣ በአማርኛ።

«ስማኝማ ወንድሜ፣ መንገዱን ለኔ ተወው። አንተ ዕቃህን ጫን።»

ቴፑን አቆመው።

ስማኝማ ወንድሜ። ይህን አነጋገር በስልክ ስንቴ ሰምቶታል!

መላኩ።

ትልቁ ሰው መላኩ ራሱ ነው። ባለፈው ወር ያለ ምክንያት ወደ ደወሌ የላከው ለካ እዚህ መጥቶ ከዐብዲሓኪም ጋር ሊቅም ነው። እሱ ሞኙ ደግሞ ትናንት ደውሎ «የትልቁን ሰው ድምፅ ነገ እጄ አስገባለሁ» ብሎታል።

«ማን ቀዳው?» ነበር ያለው መላኩ።

«ስም አልሰጥም።»

«ጎበዝ» አለውና ስልኩን ዘጋው። ዛሬ ነጩ መኪና መጣ።

ካሴቱን ከቴፑ ሲያወጣ ጥላ በሩን ሞላው።

«ሰላም አሌይኩም» አለ ረጅሙ። «ሳቢር የሚባል ልብስ ሰፊ እንፈልጋለን።»

ካሴቱ መዳፉ ውስጥ ነው።

«ሳቢር?» አለ፣ እጁን ሳይከፍት።

«ቀጭን፣ ጺሙን የተላጨ። ከጅጅጋ የመጣ።»

የሚፈልጉት ሰው ፊታቸው ቆሟል፤ ግን የግመል ወተት አወፍሮታል፣ ጺሙን ሂና አቅልቶታል፣ ሽርጥ ታጥቋል። ረጅሙ ሰው ዓይኑን ከፊቱ ወደ እጁ ወሰደ።

የስፌት መኪናው ከጀርባው ነው። በሬዲዮ ቀፎ ተሸፍኗል፤ መንኮራኩሩ ግን ይታያል።

አግዳሚው ላይ ባትሪ የሚጠብቁት ዐቦኮር ጉንጫቸውን የሞላውን ጫት ተፉና ተነሱ። ቁመታቸው የረጅሙ ሰው ደረት አይደርስም። ተነስተው የቆሙት መንኮራኩሩ ፊት ነው።

«ልብስ ሰፊ አልከኝ? ያ ሌባ! ሱሪዬን አበላሽቶ በባቡር ጠፋ። አሁንም ድረስ ይስቁብኛል። ብታገኙት ለኔም ያዙልኝ!»

«መቼ ነው የጠፋው?»

«ሱሪዬን ባበላሸ ማግስት ነዋ! አንተ ብትሆን ትቀመጥ ነበር?»

ሰዎቹ ተያዩ። «ዐብዲሓኪም የሚቅምበት መርፈሽስ የቷ ሴት ቤት ነው?»

«በዚህ ከተማ መርፈሽ የሌላት ሴት የለችም። ሂዱና ጠይቁ።»

«እንጠይቃለን» አለ ረጅሙ፤ ወጡ።

ካሴቱን ሽርጡ ውስጥ ሸጎጠ።

«አዴር» አላቸው ሽማግሌውን፣ አጎቴ እንደማለት፣ «ያውቁ ነበር?»

«ሳቢር ነኝ ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህ? በመታወቂያ ስሙ የሚፈለግ ሰው መዘዝ መጥቶበታል። ለማን እንደምትሠራ አልጠይቅህም። ልብስ እንደማትሰፋ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ኢስተሂል እያለከለከች ገባች።

«ቤት ለቤት ይዘውታል። መርፈሼ ሊደርሱ ነው።»

ማምለጥ ይችል ነበር። ካሴቱን ይዞ እስከ ምሽት ድንበር መሻገር ያውቅበታል። እሷስ? ወንድሟን ሐርተሼክ ላይ የገደለው መሣሪያ በዚህ መስመር እንዳለፈ አውቃ፣ ስሜ ከአፍህ እንዳይወጣ ብላ፣ አምናው ነው የቀዳችለት።

«የሚፈልጉሽ ይህ እንዳይሰማ ነው» አላት። «ከተማው በሙሉ ከሰማው አንቺን ቢይዙ ምን ያተርፋሉ? ግን ያንቺ ቤት ነው፣ ያንቺ ነፍስ ነው። ተይ ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ወንድሜን ከገደሉ ሰዎች አልሸሽም። አሰማው።»

ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ዛፍ ላይ ራሱ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ አለ። በዜና ሰዓት አይሻ ከሥሩ ትሰበሰባለች፤ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ የባቡሩ ሠራተኛ። የኬላው አዛዥ መቶ አለቃ ባህሩም ሶማሊኛ ባይገባውም ሻዩን የሚጠጣው እዚያው ነው። ወታደሮቹን የጨረሰው መሣሪያ በማን በኩል እንደገባ ሲጠይቅ የከረመ፣ መልስ ያጣ ሰው ነው።

ዜናው ጀመረ። ጉሬይ ሱቁ ውስጥ ሆኖ የማጉያውን ሽቦ ከሬዲዮው ነቀለ፣ ቴፑ ላይ ሰካ።

«ስማኝማ ወንድሜ፣ መንገዱን ለኔ ተወው...»

«ዜናውን መልስ!» ብሎ ከተማው ጮኸ። ከዚያ ዐብዲሓኪም ጠመንጃውን በዓይነት በዓይነት ሲዘረዝር ተሰማ፤ ጩኸቱም ቆመ። አማርኛ የማይሰማው «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል፣ ዐቦኮር ድንጋይ ላይ ወጥተው ቃል በቃል በሶማሊኛ ያስተጋቡ ጀመር። «መላኩ፣ ኬላው ላይ ያሉትስ ወታደሮች?» አለ ዐብዲሓኪም። «እነሱን እርሳቸው» አለ የመላኩ ድምፅ፣ እየሳቀ።

ባህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ሁለቱ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ረጅሙ ሽጉጥ መዘዘ።

ተኮሰ።

ድምፅ ማጉያው ተሰነጠቀ። ዘግይቷል፤ የሚባለው ሁሉ ተብሎ አልቋል። ሕዝቡ በመሸሽ ፈንታ በርጩማውን እያነሳ ተጠጋቸው። ከፊት የነበረችው ኢስተሂል ናት። «መሣሪያህን ጣል!» አለ ባህሩ፣ ወታደሮቹን አስከትሎ። ሽጉጡ አሸዋው ላይ ወደቀ። ዐብዲሓኪምም ከተማውን ሳይለቅ ተያዘ።

መላኩ ድሬዳዋ ላይ ተያዘ። ከመያዙ በፊት ግን አንዲት ሪፖርት ልኮ ነበር፤ ሰዎቹ ሥራቸውን እንደሚጨርሱ እርግጠኛ ሆኖ። «ቆንጥር በኮንትሮባንዲስቶች ተገድሏል።» ጅጅጋ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። እናቱ ጥቁር ለበሰች።

ባህሩ አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮ ይዞ ሱቁ መጣ።

«ሳቢር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር አሉ። ካለ ምስክር ይሆናል። ስሙም ማዕረጉም ይመለስለታል።»

«ምን ይጠየቃል?»

«ካሴቱን ማን እንደቀዳው።»

ስሙን ማግኘት ኢስተሂልን መስጠት ነው። የዐብዲሓኪም ሰዎች ገና አልተለቀሙም።

«ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ጉሬይ።

ባህሩ ብዙ አየው። ከዚያ ሬዲዮውን በግራ እጁ በኩል አስቀመጠለት።

«ነፍስ ይማር» አለና ወጣ።

ጉሬይ ካራማራን አልፎ ጅጅጋ የወረደው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መሄድ አልነበረበትም። ግን አንጀቱ አልቻለም። እናቱ ትንሿ ሱቋ ውስጥ በጥቁር ነጠላ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ድምፁን ለውጦ በሶማሊኛ የባትሪ ድንጋይ ጠየቃት። አንገቷን ደፍታ ዘረጋችለት።

በግራ እጁ ተቀበላት።

እጁን ይዛ አልለቀቀችም። ግራ እጁን አየች፤ ከዚያ ቀይ ጺሙን፤ ከዚያ ዓይኑን። ከበስተኋላው ገበያተኛ ቆሟል።

«ስምህ ማነው?» አለችው በሶማሊኛ።

«ጉሬይ።»

ጅጅጋ ያረጀች ሴት ናት፤ የስሙን ትርጉም ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ልትስቅ ነው ልታለቅስ ሳይለይ ትንፋሿን ዋጠች።

«ደግ ስም ነው» አለች በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «ማንም ቢልህ እንዳትቀይረው።»

እጁን ለቀቀችው። «ቀጥል፣ አንተስ ምን ልስጥህ?» አለች፣ ከኋላው ያለውን። ወጥቶ ገበያው ውስጥ ገባ፤ ሽርጥ ከታጠቀው ሰው ሁሉ የሚለየው አልነበረም።

በማግስቱ እናቱ ጥቁሯን አወለቀች። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አማት። እሷ ግን ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሱቋን ከፍታ ተቀመጠች።