ከነጭንቅላቱ ስንት ያወጣል?

ዶክተር ኤልዚር ጎቴ ሞተው የተገኙት በቡድኑ መልበሻ ክፍል፣ ከሕክምናው በር ሥር በአፍጢማቸው ተደፍተው ነው። ከጎናቸው ተጫዋቾቹ ክንዳቸውን የሚያጠነክሩበት ብረት ወድቋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «የካርዊን ዝይዎች» የሚባለውን የበረዶ ሆኪ ቡድን ተጫዋቾች ቅንድብ ሲሰፉ፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ፣ ከበረዶው ላይ ጥርስ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱ ለአምስት አሥር ጉዳይ። ሰባት ሰዓት ሲሞላ በመላው የሆኪ ሊግ የተጫዋች ልውውጥ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ማንም ማንንም ሊሸጥም ሊለውጥም አይችልም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህ ታሪክ ያቅለሸልሻል። ካርዊን ውስጥ ሠላሳ ክረምት ኖሬያለሁ፤ ለዝይዎቹ ስጮህ ድምፄ የተዘጋበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ተነስቼ እወጣለሁ።

የተጠራችው ሳጅን ዶሪን ቦይቹክ ነበረች። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ አረማመዷ የደከማት ይመስላል እንጂ እሳት የላሰች ናት። ሦስት ወንዶች ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ሜዳ አጥር ሥር ቆማ ነው። በሩ ላይ ቆም ብላ ከሬሳው በፊት ወለሉን አየች። ምንጣፉ መሃል ላይ የቡድኑ ዓርማ፣ ክንፏን የዘረጋች ግራጫ ዝይ ተሠርታለች። ገዳዩ ደም ረግጦ ኖሮ ዱካው ከሬሳው ተነስቶ እስከ መውጫው በር ይሄዳል። የጫማው ቅርጽ ተዳጦ ልኩ አይለይም። ከሬሳው እስከ በሩ በቀጥታ አሥር እርምጃ ነው። ዶሪን የገዳዩን ዱካ ቆጠረች፤ አሥራ አራት ሆነ። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ክበቡን ማጥበብ አልከበዳትም። የሕንፃው የውጭ በር ተቆልፎ ነበር፤ ዘበኛውም ማንም እንዳልገባ ምሏል። ተጫዋቾቹ አራት ሰዓት ላይ ዶክተሩን በደህና ትተዋቸው፣ ከረዳት አሰልጣኙ ጋር በረዶ ላይ ወጥተው ለአምስት አሥር ጉዳይ እስኪሆን ሲለማመዱ ነበር። ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም ለየብቻቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ሬሳውን ያገኙት አባባ ገስ ናቸው። ማሊያ የሚሰፉ፣ የበረዶ ጫማ የሚስሉ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው በሙሉ «አባባ» ይላቸዋል። ልምምዱ ማለቁን የሚያበስረው ደወል ሲሰማ ስፌታቸውን ጥለው ፎጣ ሊያቀርቡ እንደመጡ ነገሯት።

«ምን ይሰፉ ነበር?» አለቻቸው ዶሪን።

«የአዲሱን በረኛ ማሊያ። ቬርሆቨን የሚባል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል። አሰልጣኙ ብቅ ብሎ ለዛሬው ጨዋታ ይድረስ አለኝ። እኔ ደግሞ አንዱን ፊደል አራት ደቂቃ ነው የምፈጅበት፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። እነዚህ ሰዎች አጭር ስም ያለው በረኛ አይገዙም እንዴ?»

«በረኛ መምጣቱን ከዚያ በፊት ሰምተው ነበር?»

«ለእኔ ማን ይነግረኛል ልጄ? እኔ ስፋ ስባል እሰፋለሁ።»

ይህን እያወሩ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ፕሬስተን ሃርግሪቭ በሩን ከፍቶ ገባ። የተሸፈነውን ሬሳ አሻግሮ ለማየት ዝይዋ ደረት ላይ ወጥቶ ቆመ። አባባ ገስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እዚህ አገር የቡድን ዓርማ እንደማይረገጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ዶሪን ራሷ ስትገባ ዞራ ነው ያለፈችው። ሃርግሪቭ ግን በሕይወቱ የበረዶ ጫማ አጥልቆ የማያውቅ የቁጥር ሰው ነው። ተጫዋቾቹ በሌለበት «ሚዛኑ» ይሉታል።

ሚዛኑ ቢሮው ይዟት ሄደ። ግድግዳው ላይ የሁሉም ተጫዋች ስም በብረት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ዕድሜው፣ ደመወዙና ውሉ የሚያልቅበት ዓመት ተጽፏል። ጠዋት ምን እንደተፈጠረ ሳያፍር ነገራት። ተከላካዩ ኬል ኦስትሮም በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቷል። ባሪንግተን የሚባለው ቡድን በኬል ምትክ በረኛውን ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር፤ የጎደለው የዶክተሩ የጤና ማረጋገጫ ብቻ ነው። ዶክተሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው መጥተው አልፈርምም አሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተመታ ወይ ይሞታል፣ ወይ ልጆቹን አያውቃቸውም አሉት።

«ታዲያ እርስዎ ምን አሉ?»

«ሒሳቡን አስረዳኋቸው። ኬል የሁለት ዓመት ውል ይቀረዋል። ተጎድቷል ከተባለ ደመወዙን እየከፈልኩት ይቀመጣል፤ ሊጉ የወሰነልን የደመወዝ ጣሪያም በእሱ ይሞላና በረኛ ማስፈረም አልችልም። ደህና ነው ከተባለ ግን ውሉን ባሪንግተን ይረከበኛል፣ በረኛም አገኛለሁ። ይታይዎታል? ያው ሰው ከታመመ ዕዳ ነው፣ ዳነ ከተባለ በረኛ ነው።»

ዶሪን ይህን ነገር ለሚስቱ አውርቶላት ያውቅ እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው።

ሃርግሪቭ ቀጠለ። ዶክተሩ እምቢ ሲሉት ለአሰልጣኙ ደውሎ ልውውጡ መቅረቱን ነግሮታል፤ ከሁለቱና ከዶክተሩ በቀር ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው የፋክስ መሣሪያ የተላከ፣ ማህተም ያረፈበት ማረጋገጫ ባሪንግተን ደረሰ፤ ግልባጩም ለእሱ መጣ። ኬል ኦስትሮም ፍጹም ጤነኛ ነው ይላል።

«ሐሳባቸውን የለወጡ መሰለኝ» አለ። «ነፍሳቸውን ይማር።»

«ሞተው ከተገኙ በኋላም አልጠረጠሩም?»

«ወረቀት ወረቀት ነው፣ ሳጅን።»

ወረቀቱን ተቀብላ ዶክተሩ ከፈረሟቸው ሌሎች ጋር አስተያየችው። ማህተሙ የእሳቸው ነው፤ ፊርማው አይደለም። ማህተሙን የሚያኖሩበት የጋውናቸው ኪስ ባዶ ነበር።

ኬል ኦስትሮም ጂም ውስጥ፣ በማይሄደው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መብራቱ ስለሚወጋው ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ጠዋት ከዶክተሩ ጋር ሲጯጯህ ሁሉም ሰምቶታል፤ እሱም አልካደም። ለዛሬው ጨዋታ ስለከለከሉት ነው። ልትለወጥ መሆኑን ታውቃለህ ወይ ስትለው እግሩ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«የምን መለወጥ? ልጆቼ እዚህ አይደል እንዴ የሚማሩት?» ፔዳሉን እንደገና መርገጥ ጀመረ። «ምንም አይደል። እኔ ደህና ነኝ ሳጅን። ከሆኪ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ባሪንግተንም ቢሆን እጫወታለሁ።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸ ነው።

የመጨረሻው አሰልጣኙ ዋልት ማክፌይል ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የተጫወተ፣ አፍንጫው አራት ጊዜ የተሰበረ የአገር ልጅ ነው፤ ከዶሪን ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ቡድኑ ወደ ዋንጫው ዙር ካላለፈ ውሉ በዚህ ወር ያበቃል፤ የቡድኑ በረኛ ደግሞ ጉልበቱ ተሰብሮ ተኝቷል። ተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኖ ልምምዱን ሲያይ እንደነበረ እያለቀሰ ነገራት። ዶክተሩ የበኩር ልጁን ያዋለዱ ሰው መሆናቸውንም ጨመረላት።

«ገዳዩን ሩቅ አትፈልጊ ዶሪን» አላት። «ያ ሚዛኑ ነው። ወረቀቱ ለማን ጠቀመ? ለእሱ።»

ከተማው ሁሉ ቢጠየቅ ይህንኑ ይል ነበር፤ እኔም እል ነበር። ዶሪን ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ሁለት ፖሊሶች ጠርታ የት ምን እንደሚፈልጉ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ሬሳው ከተነሳ በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አራቱንም መልበሻ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሃርግሪቭ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል።

«ከወረቀቱ እንጀምር» አለች። «ዶክተሩ የተገደሉት ለዚህ ወረቀት ነው፤ ማህተማቸው የተወሰደው ለእሱ ነው። ወረቀቱን የሚፈልገው ደግሞ ስለ ልውውጡ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ኬል አያውቅም ነበር፤ ስነግረው ፊቱን አይቻለሁ። አባባም አያውቁም፤ ማሊያ ይሰፋሉ እንጂ የሚያማክራቸው የለም። የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ቀሩ።»

ሁሉም ሃርግሪቭን አየው። ሃርግሪቭ ጠበቃውን እንደሚጠራ ተናገረ።

«ጠበቃ አያስፈልግዎትም። እርስዎን የሚያድንዎ ብልግናዎ ነው» አለችው። «ከሬሳው እስከ በሩ አሥር እርምጃ ነው። ገዳዩ አሥራ አራት ተራምዷል። ዱካውን እዩት፣ መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍና እንደገና ይቃናል። ሰው ገድሎ፣ ደም ረግጦ፣ ልቡ እየመታ እየሸሸ ዝይዋን ዞሮ ነው ያለፈው። እግሩ ሳያስበው ዞረለት። እርስዎ ግን ዛሬ ጠዋት ሬሳ ለማየት ደረቷ ላይ ቆመው ነበር።»

ማክፌይል ሳቅ ቢጤ አለ። «በአራት እርምጃ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። የከዳህ ማሊያው ነው።» ያላለቀውን ማሊያ አግዳሚው ላይ ዘረጋችው። «ከዘጠኙ ፊደል ስድስቱ ተሰፍቷል። አባባ አንዱን በአራት ደቂቃ ነው የሚሰፉት፤ ደወሉ ሲደወል አቋርጠው መጡ። ወደ ኋላ ቁጠረው። ስፌቱ የተጀመረው አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ገደማ ነው፣ ማለት ወረቀቱ ከመላኩ በፊት። በዚያ ሰዓት ልውውጡ ቀርቷል ተብለህ ነበር። ታዲያ ለቀረ በረኛ ማሊያ የሚያሰፋ ማን ነው? ዶክተሩ ከእንግዲህ እምቢ ማለት እንደማይችሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ጨዋታው ዛሬ ስለሆነ ስፌቱ እንዳይዘገይ ቸኮልክ።»

«ተስፋ አድርጌ ነው…»

«ዋልት፣ ቦርሳህ ተፈትሿል። ጫማህን አጥበኸዋል፤ የሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ግን ውሃው አላወጣውም። ማህተሙም እዚያው ነው።»

ማክፌይል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኋላ ስሰማ አለመቆጨቱ ነው የገረመኝ። አንድ ፊርማ ብቻ እንደለመናቸው፣ እሱ ራሱ በዘመኑ በተሰበረ መንጋጋ እንደተጫወተና ማንም ዶክተር እንዳልከለከለው፣ ሽማግሌው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት እንደሄዱ አወራ። የተበደለ ሰው ነበር የሚመስለው። ፖሊሶቹ እጁን ወደ ኋላ አድርገው ካቴና አስገቡለት።

ለሰባት ስምንት ጉዳይ ነበር። ማንም አፉን ካልከፈተ ሰባት ሰዓት ሲሞላ ሐሰተኛው ወረቀት ይጸድቃል፤ ኬልም ከነሕመሙ ተሸጦ ነገ በረዶ ላይ ይወጣል። ዶሪን ሃርግሪቭን ባሪንግተን ደውሎ እውነቱን፣ እሷ እየሰማች እንዲናገር አዘዘችው። ደወለና ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ አግዳሚው ላይ አኖረው። ዶክተሩ መገደላቸውን፣ ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን፣ የልጁ ጭንቅላት መጎዳቱን ተናገረ። ኬል እዚያው ቆሞ ይሰማል።

 የባሪንግተኑ ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያሳዝናል። መልካም ሰው ነበሩ። እንግዲህ… የራሳችን ዶክተር ያየዋል፣ እሱ አስቸጋሪ ሰው አይደለም። ግን ጭንቅላቱ እንዲያ ከሆነ ብቻውን አንወስደውም። ምን ትጨምሩልናላችሁ?»

ሃርግሪቭ ዶሪንን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከንፈሩን ላሰ። «በመጪው የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ፣ በሦስተኛው ዙር ሰው የምንመርጥበትን ተራችንን።»

«የሁለተኛውን ዙር አድርገው።»

«ሁለተኛ እንዳትሰጠው» አለ ማክፌይል ከነካቴናው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ በሦስተኛ ይስማማል።»

ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ሆና የኖረችው ዶሪን ቦይቹክ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። የዶክተሩ ደም ገና ምንጣፉ ላይ አልደረቀም። ስልኩን ልትዘጋ ስትራመድ ኬል ቀደማት። መነጽሩን አውልቆ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ኬል ነኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም አትቀበል» አለ። «ዶክተሩ ያሉት እውነት ነው። ትናንት ሴቷ ልጄ ስሟን በሰሌዳ ጻፍልኝ ብላኝ ጠፋብኝ። ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም።»

«እንግዲያው ይቅር» አለ ድምፁ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሃርግሪቭ ሌላ ቡድን ለመሞከር ይሁን ለሌላ፣ ስልኩን አንስቶ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ማክፌይልን ወሰዱት። ኬል ጃኬቱን ለብሶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለና አንዱን በር ከፍቶ ገባ። የገላ መታጠቢያው በር ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ልብሱን የለወጠበት ክፍል ነው። ከውስጥ ድምፁ ተሰማ።

«አባባ፣ መውጫው በየት ነው?»

አባባ ገስ መርፌያቸውን የልብሳቸው ደረት ላይ ሰክተው ሊያወጡት ገቡ።