የኦቦ ጉዮ ድምፅ

የአርብቶ አደሮቹ ተወካይ ኦቦ ጉዮ በመሬት ጉባኤው ላይ አንድም ቀን በአካል ባይገኙም፣ ከተሰብሳቢው ሁሉ ይበልጥ የሚደመጡት እሳቸው ነበሩ። በአርብቶ አደሮቹ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሳጥን «ምስለ ድምፅ» ትባላለች፤ የሰውን ንግግርና አስተሳሰብ አጥንታ፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደ ራሱ ሆና የምትናገር መሣሪያ ናት። የምትንከባከባት ታላሶ የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች።

ዝናብ ጠሪዎቹ ማማዎች የሜጢን ሸለቆ ካለመለሙት ወዲህ ገበሬው፣ አርብቶ አደሩ፣ ባለሀብቱና መሬት አልባዎቹ ሴቶች መሬቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተመካክረው እንዲደለድሉ ተወስኖ ነበር። የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ ሽብሩ መጀመሪያ ላይ ከሳጥኗ ጋር ሳይጨቃጨቁ አይውሉም ነበር። ድምፁ ግን አይቆጣም፤ እየቆየም ወደዱት። በመጨረሻ ከብቶቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበት ሰፊ የሣር መተላለፊያ ከገበሬው ማሳ ተቆርጦ ተሰጠ። ሁሉም ተስማማ። የቀረው ሕጉ የሚያዝዘው የሕያው ሰው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ኦቦ ጉዮ፣ ለፊርማው የት እንምጣልዎ?» አለች ታላሶ።

«ከጉድጓዱ አጠገብ ነን። ዝናብ እየጠበቅን ነው።»

ታላሶ ደነገጠች። ዓምናም ድምፁ ቃል በቃል ይህንኑ ብሏታል። ሳጥኗን ከፍታ መረመረች። ኦቦ ጉዮ አንገታቸው ላይ ከሚያንጠለጥሉት የድምፅ መቅረጫ አንዳች ነገር ከመጣ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ትናገር የነበረው በግምት ነው።

በማግስቱ ከአቶ ሽብሩ ጋር የማማዎቹ ዝናብ ወደማይደርስበት ቆላ በአየር ጋሪ በረረች። ከጉድጓዱ አጠገብ ያገኙት የተራቆቱ ጎጆዎች፣ የከብት አጥንትና አንዲት ሴት ነበር፤ የኦቦ ጉዮ ልጅ ዳርሚ።

«አባቴ ሞቷል» አለቻቸው። «ከብቱ አለቀ፤ ሰዉም ወደየከተማው ተበተነ። መቃብሩን ትቼ መሄድ አቅቶኝ ነው እኔ የቀረሁት።»

«ምነው ታዲያ ለጉባኤው መልእክት ሳትልኩ ቀራችሁ?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ልከናል። ጉድጓዱ ሲነጥፍ ላክን፤ አባቴ ሲሞትም ላክን። የሚመልስልን ግን የአባቴ ድምፅ ነበር። ‹ታገሡ፣ እየሰሙን ነው› አለን። እሱ ታገሡ ካለ ማን ይነቃነቃል? ቀብረነው እንኳ ታዘዝነው።»

ከአርብቶ አደሮቹ የሚመጣ መልእክት በቀጥታ ወደ አርብቶ አደሮቹ ወንበር፣ ወደ ሳጥኗ፣ እንዲሄድ ሥርዓቱን የዘረጋችው ታላሶ ራሷ ነበረች። ለክብራቸው ብላ።

አቶ ሽብሩ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«መሬቱን ከልቤ ነው የሰጠሁት» አሉ እንባቸው እየወረደ። «አባትሽ ፊት ለፊቴ ቢቀመጥ ኖሮ ግን ከንፈሩ ሲደርቅ ባየሁ ነበር።»

ዳርሚ የስምምነቱን ወረቀት ከታላሶ ተቀበለች። ፈረመች።

ታላሶ ሳጥኗን ስታጠፋ የገባት ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳታል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የጠማው ሰው አልነበረም፤ ሳጥኗም አትጠማም። ጉባኤው ያን ያህል ሰላማዊ የሆነው ለዚህ ኖሯል።

መተላለፊያው በክረምቱ ተከፈተ። ሣሩ የሰው ወገብ ደረሰ። የመንደሩ ጎረምሶች ማጭድ ይዘው ሲመጡ አቶ ሽብሩ ከፊታቸው ቆሙ።

«ባለቤት አለው» አሏቸው።

ጎረምሶቹ ወዲያ ወዲህ አዩ። እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ኮቴ እንኳ ያልረገጠው ሣር፣ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሳል።