ከመጋረጃው ጎን የቆመችው

ሲስተር ፋሌሲ ሞታ የተገኘችው በክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ወለል ላይ ነው፤ ማጅራቷ ተመትቶ፣ የጠርሙስ መደርደሪያው በላይዋ ተጋድሞ። ሐሙስ ዕለት በሕክምና ምክር ቤቱ ፊት ቀርባ፣ ዶክተር ካሊራኒ፣ ታማንዳ በምትባል ታካሚው ላይ የፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት ልትመሰክር ነበር። አሁን ታማንዳ ብቻዋን ቀረች። ምስክር የሌላት ሴት ስመ ጥር ሐኪም ስትከስ ምን እንደምትባል በዞምባ ከተማ የማያውቅ የለም።

የምክር ቤቱ መርማሪ ወይዘሮ ኤካሪ ካፊያውን ከካፖርቷ አራግፋ ገባች። ወንበር ቢያቀርቡላትም አልተቀመጠችም፤ የተቀመጠ ሰው ቶሎ ይታለላል ባይ ናት። ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት ዶክተሩ፣ የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ሲቶሎ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ቲያሚኬና አንዲት አሮጊት ታካሚ ብቻ ናቸው።

«መደርደሪያው ሲወድቅ የት ነበሩ ዶክተር?»

«እኚህን እናት እየመረመርኩ። ከክሱ ወዲህ ሴት ታካሚ ያለ ነርስ እንዳላይ አግዳችሁኝ የለ? ነርስም አብራን ነበረች። ትእዛዛችሁን እንደ ጾም ነው የምጠብቀው» አለ እየሳቀ።

ሳቁ ኤካሪን አስጠላት።

«እኔ ከቲያሚኬ ጋር ካርድ ክፍል ነበርኩ» አለ ሲቶሎ ማንም ሳይጠይቀው። ቲያሚኬ አንገቷን እንደደፋች «አዎ» አለች።

«እማማ፣ የመደርደሪያውን ድምፅ ሲሰሙ ነርሷ ምን ትሠራ ነበር?»

«ምን ትሠራለች ልጄ፣ መጋረጃው ጋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተገትራለች። ዶክተሩ ግፊት ለኪ ቢላት ክንዴ ላይ መጠምጠሚያውን ማሰር አቅቷት እሱ ራሱ አሰረው። የዛሬ ነርስ እንዲህ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ኤካሪ ሁሉንም መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ታማንዳንም አስጠራቻት። በር ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ዶክተሩ ከአልጋው አጠገብ አልራቀም፤ እማማ አይተውታል» አለች። «ነርስ ነበረች ያለው ግን ውሸት ነው። የዚህ ቤት ነርስ ፋሌሲ ብቻ ናት፤ መደርደሪያው የወደቀው በእሷ ላይ ነው። ታዲያ የነርስ ነጭ ጋውን ለብሳ መጋረጃው ጋ የቆመችው ማን ናት? የምትቀረው ሴት አንዲት ናት። እሷ መጋረጃው ጋ ከቆመች ደግሞ፣ አቶ ሲቶሎ ካርድ ክፍል ከማን ጋር ነበሩ?»

ቲያሚኬ አለቀሰች። «ፋሌሲ የዶክተሩ መሸፈኛ አልሆንም ካለች ወዲህ ጋውኑን የሚያለብሱኝ እኔን ነው። ዛሬ አቶ ሲቶሎ ‹አብረን ነበርን ካላልሽ፣ ሐሰተኛ ነርስ ተብለሽ ትታሰሪያለሽ› አለኝ።»

«የሴቶቹን አቤቱታ ስታፍን የኖርከው አንተ ነህ» አለችው ኤካሪ ወደ ሲቶሎ ዞራ። «ፋሌሲ አፏን ከከፈተች ክሊኒኩ ይዘጋል። ስለዚህ አፏን ዘጋህ።»

ሲቶሎ ሊነሳ ሲል ፖሊሱ ትከሻውን ያዘው። ዶክተሩ ኮሌታውን አስተካከለ።

«እንግዲህ ገዳይ አይደለሁም። ለሐሙስም ምስክር የላችሁም።»

«እኔ አለሁ» አለች ቲያሚኬ። «ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው እንዳላይ ነበር። ግን አይቻለሁ። ከታማንዳ በኋላ የመጡትን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።»

ታማንዳ ቀና ብላ አየቻት። ይቅርታ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። ከዚያ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችና ቦታ ለቀቀችላት።

«ሐሙስ በጠዋት ነው» አለቻት። «አብረን እንሄዳለን።»