ቱት ያልበላው እራት

ጋምቤላ ውስጥ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ሙቀት፣ ከረባት አስሮ ትኩስ የቀይ ሥር ሾርባ የሚጠጣ ሰው አለ ቢሉኝ «ሂዱ ወዲያ!» ነበር የምለው። አለ ግን። ባሮ ዳር፣ ጋሽ ዘገየ የከፈቱት የሩሲያ ምግብ ቤት ውስጥ። ጋሽ ዘገየ በወጣትነታቸው አልዌሮ ግድብ ሲሠራ ለሩሲያውያኑ መሐንዲሶች ያስተረጉሙ ነበር። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ቋንቋው፣ አኮርዲዮኑና ሾርባው እሳቸው ጋ ቀረ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙዚቃ። ከባለሥልጣንና ከእርዳታ ድርጅት ሰው በቀር ማንም ደፍሮ አይገባም።

እኔን እዚያ ያስገባኝ ቱት ነው።

መቅደላዊት እባላለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ነው የተመደብኩት። አራት ዓመት ሙሉ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ሰው ጠልቶኝ አይደለም። ሁሉም ሰላም ይለኛል፣ ሁሉም ይስቅልኛል። ግን ማታ በሬን ዘግቼ ከቬንትሌተሬ ጋር እፋጠጣለሁ። እሑድ የሚባለው ቀንማ ጭራሽ አያልቅም።

ቱት የውሃ ቢሮ ቴክኒሻን ነው። መጀመሪያ የመጣ ቀን ላቦራቶሪውን ቆልፌ ልወጣ ስል አራት ጠርሙስ የጉድጓድ ውሃ ታቅፎ በሩን ሞላው። እኔ ደግሞ ስናደድ አገር አይበቃኝም።

«ሰዓት አታይም እንዴ? ሰው ቤት የለውም? ሁልጊዜ ስንዘጋ ነው የምትመጡት!»

ሳይናገር ጠበቀኝና «ጨረስሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጨረስኩ!»

«እሺ። ይህ ውሃ ከኢታንግ ነው። እዚያ ልጆች ታመዋል። እስከ ነገ አይጠብቅም።»

አፍሬ ከፈትኩለት። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ መጣ። ናሙናውን ያስረክበኝና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሻይ እንጠጣለን። ኑዌር ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ቃል ሲፈልግ ይቆያል። እስኪያገኘው ድረስ ዓይኑን ከዓይኔ አያነሳም፤ እኔም ቃሉን ባያገኘው እመርጥ ነበር። ወደድኩት። ምን አሽኮረመመኝ፣ ወደድኩት በቃ!

ከዚያ ዝውውሬ መጣ። አራት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ዝውውር፣ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ጎን። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተባልኩ። ሐሙስ ለቱት ስነግረው የሻይ ብርጭቆውን በእጁ ያዞረው ጀመር።

«ቅዳሜ እራት ልጋብዝሽ» አለኝ በመጨረሻ። «ጋሽ ዘገየ ጋ። የምነግርሽ አለኝ።»

«ቅሪ» ካለኝ ደብዳቤውን ልቀድደው ወሰንኩ።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ሙሉ ልብስ ለብሶ ላብ ያጠምቀዋል፤ እኔም ከእሱ አልሻልም። በመስኮቱ ባሮ ይታያል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ እየሳቡ ነው። ጋሽ ዘገየ አኮርዲዮናቸውን አንግተው አንድ የሚያሳዝን የሩሲያ ዜማ ጀመሩ። ቱት ለእኔ ሾርባውን፣ ቀጥሎም በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ፔልሜኒ የሚሉትን አዘዘ። ለራሱ ውሃ ብቻ።

«አንተስ?»

«ጠግቤያለሁ። አንቺ ብዪ።»

በላሁ። እሱ ወንዙን ያያል። ማንኪያዬ ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። በዙሪያችን ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበላል፣ ይስቃል፤ እኔ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ብቻዬን እበላለሁ። ቤቴ ከቬንትሌተሬ ጋር ስበላ እንኳ እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

የሚያናድደኝ ደግሞ እንደሚበላ ማወቄ ነው። ባለፈው ወር ከሥራ ባልደረባዬ ከኛሬአት ጋር፣ የአጎቱ ልጅ ናት፣ መንገድ ዳር ካለው ዓሣ ቤት ተቀምጦ ከአንድ ሳህን እየተሻሙ ሲበሉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ሹካውን ትቼ አንዱን ፔልሜኒ በእጄ አነሳሁና ዘረጋሁለት። «በል፣ በሞቴ አንዲት ጉርሻ!»

ወደ ኋላ ሸሸ። ወንበሩ ተንቋቋ፤ ሰው ዞሮ አየን። እጄ አየር ላይ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ከእኔ እጅ ያስጠላል?» አልኩት።

«አይደለም። መቅዲ፣ እኛ ጋ...» ብሎ ቃል ፍለጋ ቆመ።

በዚያች ቅጽበት ብታገሠው ኖሮ! ወይ ነዶ!

«እናንተ ጋ ምን? ከራሳችሁ ሰው ጋር እየተሻማችሁ ትበላላችሁ፣ እኔ ባዕድ ነኝ! ደህና ሁን።»

ተነስቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ባለባጃጁ አዝኖልኝ ሙዚቃውን ቀነሰ። ሰኞ ዝውውሩን ተቀበልኩ። ቱት ላቦራቶሪ ድረስ ሁለቴ መጣ፤ ከውስጥ ሆኜ የለችም አስባልኩ። ኛሬአት ያን ጊዜ ወልዳ ላሬ ወረዳ እናቷ ጋ ነበረች፤ ሳልሰናበታት ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ስደርስ ሲም ካርዴን ቀየርኩ።

ብርዱ ከሙቀቱ አይሻልም። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ትለኛለች፤ «ምንም» እላለሁ። በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ አይያዝልኝም ነበር።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ለሦስት ቀን ሥልጠና ጋምቤላ ተላክሁ። ኛሬአት አቅፋ አልለቅ አለችኝ። አብረን ምሳ ስንበላ ያን እራት ነገርኳት። እንጀራውን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ ደንቆሮ!» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እህቱ ነኝ፣ ከእኔ ጋር ይበላል። ኑዌር ሊያገባት የሚያስባት ልጅ ፊት አይበላም፤ ያፍራታል፣ ያከብራታል። አሁን በከተማ ብዙ ሰው ትቶታል። ቱት ግን አያቱ ናቸው ያሳደጉት።»

«ታዲያ ለምን ምግብ ቤት ወሰደኝ?»

«እናንተ ጋ ሴት የምትጋበዘው እራት ነው ብለውት ነዋ! አንቺ የምትወጂውን ሊያደርግልሽ ነው። እሱ ተርቦ ገባ፣ ተርቦ ወጣ።»

እጄን ከሳህኑ ሰበሰብኩ። የሸሸኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንደዚያ አክብሮ ለትዳር ያሰበኝ ሰው የለም።

«አግብቷል?»

«አላገባም» አለችኝና ሳህኑን ማንሳት ጀመረች። «ሌላውን ራሱን ጠይቂው።»

ቁጥሩን ከእሷ ወስጄ ደወልኩለት። ሥልጠናው ባለቀ ቀን፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ ጋሽ ዘገየ ጋ ተቀጣጠርን። ቀድሞኝ ደርሶ ቆሞ ጠበቀኝ። «ማሌ፣ መቅዲ» ብሎ በኑዌር ሰላምታ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ወፍሯል፤ አማርኛው ተሻሽሏል፤ ቃል ፍለጋ አይቆምም። ይቅርታ ጠየቅሁት። «አልፏል» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እኔ ግን ማወቅ የፈለግሁት ማለፉን አልነበረም።

አስተናጋጁ መጣ። ቱት ለእኔ ፔልሜኒ አዘዘ። ከዚያ ሜኑውን አገላብጦ «ለእኔም እንደዚያው» አለ።

ሁለቱ ሳህኖች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ ዘገየ ጥግ ላይ አኮርዲዮናቸውን ይጫወታሉ። እጁን ብቻ ነው የማየው። አትብላ፣ ስል በሆዴ ለመንኩት። በማርያም፣ አትብላ! ቀዝቅዞ ይመለስ፤ እንደዚያን ቀን ወንዙን እይ፣ ጠግቤያለሁ በለኝ። እኔ ብቻዬን እበላልሃለሁ።

ሹካውን አነሳ። አንዱን ወጋና ጎረሰ፤ አላመጠ። ሁለተኛውን ደገመ። እንደ ራበው ሰው፣ ሳያፍር፣ ደስ ብሎት በላ።

«ብዪ እንጂ» አለኝ። «ይቀዘቅዛል።»

«ስሟ ማን ነው?» አልኩት።

ሹካውን አስቀመጠ። «ኛሬአት ነገረችሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። እንደ ድሮው ቃል ፍለጋ ቆመ፤ ይህን ጊዜ ጠበቅሁት።

«ኛታንግ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የጥሎሹን ከብት ባለፈው ወር ሰጠን።»

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩትና ሹካዬን አነሳሁ። ሁለታችንም በላን።