ልጓሙ የተፈታ ባሕር

በሄርባዝ ደሴቶች ነፋስ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። የዘንባባው ቅጠል አይነቃነቅም፤ የንጉሡም ሰንደቅ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። ማዕበሉ ግን በየቀኑ ያድጋል። ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀ ውሃ ቤት አክሎ እየተነሣ በሾላይ ዳርቻ ላይ ይከሰከሳል፤ ምድሩም ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። ሰውን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራው ግን በነጩ አረፋ መካከል የተዘረጋው ጸጥ ያለ ውሃ ነበር። ስፋቱ አንድ ጎዳና ያህላል፤ መልኩ ጠቆር ያለ ነው፤ ማዕበል አይሰበርበትም። እግሩን ያስነካውን ሁሉ ሳያንገላታ፣ ሳያስጮኽ፣ እንደ እንግዳ እየመራ ወደ ጥልቁ ይወስዳል።

የተወሰዱትም ሰጥመው አልጠፉም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ከአለቶቹ ባሻገር፣ የትኛውም ገመድ መሬቱን በማይደርስበት ባሕር ላይ፣ እስከ ወገባቸው ብቅ ብለው ቆመው ይታያሉ። ፊታቸውን ወደ የብስ አዙረው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ያወርዳሉ። አርባ አንድ ነበሩ። አንዱ የናርዳ አባት ናቸው።

ናርዳ የሃያ ዓመት ወጣት ናት። አባቷ የሾላይ ዳርቻ ጠባቂ ሆነው የኖሩ፣ ባሕሩ በከፋበት ቀን ቀይ ጨርቅ ሰቅለው ዋናተኛውን የሚመልሱ ሰው ነበሩ። እሷንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሃ ማንበብ አስተምረዋታል። «ጎታች ውሃ ከያዘሽ ወደ ምድር አትታገይ፤ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል» ይሏት ነበር። «ወደ ጎን ዋኚ፤ ካልሆነም ተንሳፍፈሽ እስኪለቅሽ ጠብቂ።» በአምስተኛው ቀን ግን እሳቸው ራሳቸው አንዲት ሴት ሊያወጡ ገቡ። እንዳስተማሩትም ወደ ጎን ዋኙ። ጎታቹም አብሯቸው ወደ ጎን ሄደ። ናርዳ ዳር ቆማ ይህን በዓይኗ አየች።

በዐሥረኛው ቀን ንጉሥ ዘርሃም ወደ ዳርቻው ወረዱ፤ በሕዝቡም ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦

«የሄርባዝ ልጆች ሆይ! የቀደሙት ነገሥታት ይህን ባሕር በልጓም አስረውት ነበር። ልጓሙም ከመጀመሪያይቱ ንግሥት ጠጉር ተገምዶ በቡራዝ አለት ላይ የተጠመጠመው ገመድ ነው። ያን ገመድ ልጄ አልጋ ወራሹ ለመርከቡ ጌጥ ብሎ አስቆረጠው። ባሕሩም አስቀድሞ የወሰደው እሱን ነው። ገመዱ ዛሬም በወገቡ ላይ አለ። ልጓሙን የሚመልስልኝ፣ ልጄንም በሕይወት የሚያመጣልኝ ማን ነው?»

 ናርዳ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ እጅ ነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ እሄዳለሁ። በአባቴ ስም እምላለሁ፤ ባሕሩን ሳላስር አልመለስም!»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛዋ እማ ዳሊት ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከባሕር ሥር ዕንቁ ሲለቅሙ የኖሩ አሮጊት ጠላቂ። ሁለተኛው የአልጋ ወራሹ ጋሻ ጃግሬ ቆርሞስ ነው። ወደ ናርዳ ጀልባ ሲቀርብ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳያት።

«ታዝዤ ገመዱን የቆረጥኩበት እጅ ይህ ነው» አላት። «ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«ከዚህ ማዕበል በየት በኩል ልንወጣ ነው?» ሲሉ እማ ዳሊት ጠየቁ።

«በማዕበሉ አንወጣም» አለች ናርዳ። «በጎታቹ እንሄዳለን።»

ጀልባዋን ገፍተው ጸጥ ወዳለው ውሃ አስገቧትና ተሳፈሩ። ወዲያው የባሕሩ ድምፅ ጠፋ። በግራና በቀኝ ማዕበሉ እየተነሣ ሲሰበር ያዩታል፤ ግን አይሰሙትም። መቅዘፊያ አላስፈለጋቸውም፤ ጀልባዋ ራሷ ትሄድ ነበር። ናርዳ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ተመለከተች። ውሃው ጥርት ያለ ነው። በወለሉ ነጭ አሸዋ ላይ የባዶ እግር ዱካ ተሰልፏል፤ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። ይህን ሁሉ ውሃ የሚጎትት ኃይል አንዱንም ዱካ አላጠፋውም። ናርዳ ቀና አለች፤ ዳግመኛም ወደ ታች አላየችም።

እኩለ ቀን ላይ ቡራዝ አለት ደረሱ። አለቱ ጥቁርና ጠባብ ነው፤ ሦስት ሰው ቢቆምበት ይሞላል። ወጥተው ጀልባዋን ሲያስሩ የተወሰዱት ሰዎች በዙሪያቸው ቆመው ነበር።

«ውሃው ሞቃት ነው» አሉ አርባ አንዱም በአንድ ድምፅ።

ከዚያ አንደኛው ብቻውን ተናገረ። «ናርዲ!» አላት። እንዲህ ብለው የሚጠሯት አባቷ ብቻ ነበሩ። «ናርዲ፣ ደክሞኛል። እጄን ያዢኝ።»

ናርዳ ሳታስበው እጇን ዘረጋች። እማ ዳሊት ጠጉሯን ጨምድደው ወደ ኋላ ጎተቷት።

«ደረታቸውን እዪ! ትንፋሽ አለው?»

አየች። የአባቷ ደረት አይነቃነቅም። ከጣቶቻቸው ጫፍ ውሃ ሳያቋርጥ ይፈልቅ ነበር።

«እኔ የሰጠመ ሰው ሳወጣ ነው ያረጀሁት» አሉ እማ ዳሊት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እነዚህ ሞተዋል፣ ልጄ። አቁሞ የያዛቸው ባሕሩ ነው። ልጓሙ ሲታሰር ይለቃቸዋል፤ ያን ጊዜ ይሰጥማሉ። ወደ ቤት የሚመለስ የለም።»

«ንጉሡ በሕይወት አምጡልኝ ብለዋል!» አለ ቆርሞስ።

አልጋ ወራሹ ከአለቱ አምስት ክንድ ርቀው ቆመዋል። ጥቁሩ ገመድ በወገባቸው ላይ ተጠምጥሟል። ፈገግ ብለው ክንዳቸውን ከፈቱ።

«ቆርሞስ፣ ረፈደ እኮ። ና አስታጥቀኝ» አሉት።

በሕይወት ሳሉ በየማለዳው የሚሉት ይህንኑ ነበር። ቆርሞስ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ።

«ንጉሡን ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ገመዱን ስጥልልሽ ቅለቢ» ብሎ ዘለለ።

አልጋ ወራሹ እንደ ናፈቀ ሰው አቀፉት። ሌሎቹም አንገታቸውን ወደ እሱ አዙረው፣ ውሃውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ቀስ ብለው ከበቡት። ቆርሞስ በመካከላቸው ሆኖ ገመዱን ዙር በዙር ፈታው፤ ጫፉንም ወረወረ። ናርዳ ቀለበችው።

«አትልቀቅ! እንጎትትሃለን!» ብላ ጮኸች።

እማ ዳሊትም አግዘዋት ሳቡት። ነገር ግን አርባ አንድ ጥንድ እጅ ቆርሞስን ይዟል፤ እነሱ አንድ ክንድ ሲስቡ ከዚያ በኩል ሁለት ክንድ ይሳባል። የናርዳ ጉልበት አለቱ ላይ ተፋቀ፤ እግሯ ወደ ውሃው ተንሸራተተ። ቆርሞስ ይህን አየ። ጣቶቹንም ከገመዱ ላይ አነሣ።

ናርዳ ልጓሙን በአለቱ ላይ መጠምጠም ጀመረች። በመጀመሪያው ዙር አባቷ ስሟን ጠሩ። በሁለተኛውም ጠሩ። በሦስተኛው ዝም ብለው አዩዋት። ጫፉንም አጥብቃ ቋጠረችው።

የባሕሩ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ተመለሰ፤ በላዩም ነፋስ ተነሣ። አባቷ፣ የደከመው ሰው ቁጭ እንደሚል፣ ቀስ ብለው ወረዱ። አልጋ ወራሹና ቆርሞስ እንደተቃቀፉ ሄዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በውሃው ላይ ማንም አልነበረም።

ወደ ሾላይ ሲመለሱ ባሕሩ ረግቷል፤ ሸራቸውን የሞላው ነፋስ ይዟቸው ገባ። ሕዝቡ ዳርቻውን ሞልቶ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሚመለስለት ሰው የታጠፈ ደረቅ ልብስ ታቅፏል። ንጉሡም የተዘረጋ ካባ ይዘው እግራቸውን ውሃ ውስጥ አስገብተው ቆመዋል።

«ልጄስ?» አሉ።

«አረፉ፣ ንጉሥ ሆይ። እኛ ስንደርስም በሕይወት አልነበሩም። ልጓሙን ከወገባቸው ፈትቶ የሰጠኝ ቆርሞስ ነው፤ እሱም አልተመለሰም። ባሕሩ ታስሯል።»

ንጉሡ የያዙትን ካባ አይተው፣ እንደገና አጠፉት።

«ቆርሞስ ማን አለው?»

«በድርማ ደሴት እናት አለችው» አሉ እማ ዳሊት።

«ጀልባ አዘጋጁልኝ» አሉ ንጉሡ። «ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።»

ናርዳ በዚያ ፀሐይ ብርድ ይዟት ትንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ ሕዝቡን አልፋ መጣች።  የታቀፈችውን የባሏን ሸሚዝ ዘርግታ በልጇ ላይ አጠለቀችላት፤ እጅጌው ቢረዝምባት ሁለት ጊዜ አጠፈችላት።